የሕፃን ልደት በመዝገብ ስለ መጻፉ

በቀድሞ ዘመን የልጅ ዕድሜ የሚቈጠረው በእናት ትዝታ ነበር። «የተወለድኸው መስከረም ገብቶ፥ ላሚቱ በወለደች ሰሞን ነው» ማለት ለቤተ ዘመድ ይበቃል፤ ለትምህርት ቤትና ለፍርድ ቤት ግን አይበቃም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ደንግጎ ነበር። ነገር ግን መዝገቡ በአገር ሁሉ ሥራ የጀመረው፥ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 760 ከወጣ በኋላ፥ በ2008 ዓ.ም. ነው። መዝገብ ወረቀትና ቀለም ብቻ አይደለምና፥ በየቀበሌው የሚጽፍ ሹም፥ ጽሑፉን የሚጠብቅ ቤት፥ ልደቱንም የሚያስታውቅ ወላጅ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ የሌላው ድካም ከንቱ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። ነገር ግን የልደቷ ቀን ያልተጻፈላትን ልጅ ሽማግሎች «ለትዳር ደርሳለች» ቢሉባት፥ ዕድሜዋን በምን ታስረዳለች?

አዋጁ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ እናትና አባት የአራሷን ገንፎ ሲያሰናዱ ይህንንም ቀን አይርሱ። በጽሕፈት ቤቱም የልጁን፥ የአባቱንና የአያቱን ስም ፊደል በፊደል ይመልከቱ፤ በአንዱ ወረቀት «ኃይሉ»፥ በሌላው «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈ ሰው፥ አንድ ሲሆን እንደ ሁለት ሰው ተቈጥሮ ሊጉላላ ይችላልና። የምስክር ወረቀቱንም ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አብልጠው፥ እሳትና ውሃ ከማይደርስበት ስፍራ ያኑሩት።