ምርመራው «ጤነኛ ነህ» ሲል፣ ሕመሙ ግን ሲቀጥል

«ኤምአርአይ ተነሣሁ፣ ደሜም ተመረመረ፤ ምንም የለብህም ተባልኩ። ታዲያ ለምን ያመኛል?» ሐኪም እንደመሆኔ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ወገቡን፣ አንገቱን ወይም ራሱን ከሦስት ወር በላይ ሲያመው የቆየ ነው። አንዱ «ብርድ ነው»፣ ሌላው «ነርቭ ነው» ይለዋል። ከሁሉም የሚያስከፋው ግን «ሐሳብህ ነው» መባሉ ነው።

ሕመሙ የውሸት አይደለም። ሕመም የሚሰማን አንጎላችን «አደጋ አለ» ብሎ ሲወስን ነው፤ ውሳኔው ደግሞ አንዳንዴ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1995 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ አንድ ታሪክ ይህንን ያሳያል። የ29 ዓመት የግንባታ ሠራተኛ 15 ሳንቲ ሜትር ሚስማር ላይ ዘሎ አረፈ። ሚስማሩ ጫማውን በስቶ ወጣ፤ ሕመሙ ስለበረታበትም ኃይለኛ ማስታገሻ ተሰጠው። ጫማው ሲወልቅ ግን ሚስማሩ በጣቶቹ መካከል አልፎ ኖሯል፤ እግሩ ጨርሶ አልተጎዳም።

ጭንቀት፣ ሐዘንና እንቅልፍ ማጣት ይህን የአደጋ ደወል ያጎሉታል። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ደወሉ መጮኹን ሊቀጥል ይችላል። በአንጻሩ ኤምአርአይ ላይ «ዲስክህ ተሸርሽሯል» መባሉ ብቻውን የሕመሙን ምክንያት አያረጋግጥም። ምንም ከማያማቸው የ50 ዓመት ሰዎች 80 በመቶ ያህሉ ተመሳሳይ ለውጥ ይታይባቸዋል።

ታዲያ እንዴት እንለየው? ሕመሙ ያለ ጉዳት በጭንቀት ወቅት ከጀመረ፣ ቦታ ከቀያየረ፣ ወይም ልብ በሌላ ነገር ሲያዝ ከጠፋ መነሻው አንጎል ሊሆን ይችላል። እነዚህ ግን ፍንጮች እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም። ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ፣ የእግር መዛል ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ካለ በአስቸኳይ መመርመር ያስፈልጋል። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢም መዘንጋት የለበትም።

መፍትሔ አለው። በአሜሪካ ኮሎራዶ በ151 የጀርባ ሕመምተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ነበር። ሕመሙን እንደ አደጋ እንዳያዩት ለአራት ሳምንታት በምክር ከታገዙት መካከል 66 በመቶው ከሕመም ነፃ ወይም ለዚያ የቀረቡ ሆኑ። በተለመደው ሕክምና ከቀጠሉት ግን 10 በመቶው ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ሐኪምዎ አደገኛ በሽታ አለመኖሩን ካረጋገጠልዎት፣ ለሌላ ኤምአርአይ ገንዘብ ከመበደርዎ በፊት ሕመሙ ሲጀምር በሕይወትዎ ምን እየሆነ እንደነበር ያስታውሱ። ያንንም ለሐኪምዎ ሳያፍሩ ይንገሩት።