የቮልሴን ማቀጣጠያ ኤሌክትሮኒክ ሳደርግ ፑንቲናውን ለምን አልጣልኩትም?

ባለፈው ኅዳር፣ ሲያትል እንደ ልማዷ በምታዘንብበት አንድ ምሽት፣ እ.ኤ.አ. የ1969 ሞዴል የሆነችው ቮልሴ ሬይነር ጎዳና ላይ ትራፊክ መብራት ስር ጠፋች። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ይሽከረከራል፤ አይነሳም። ከኋላ የተሰለፉት ክላክስ ማድረግ ጀመሩ። የኋላ ወንበር ላይ የነበረችው ልጄ «አባዬ፣ ሞተች?» አለችኝ። አንድ መንገደኛ አግዞኝ ገፍተን ዳር አወጣናት።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቮልስን ማስተዋወቅ አያስፈልገውም። እኔ ግን ሥራዬ ሶፍትዌር ነውና፣ ከዚያ ምሽት በኋላ የመኪናዬን ማቀጣጠያ እንደ ኮድ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

በሰከንድ 100 ጊዜ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ

የመኪናዋ ባትሪ 12 ቮልት ነው። ካንዴላው ላይ ብልጭታ እንዲዘል ግን ብዙ ሺህ ቮልት ያስፈልጋል። ልዩነቱን የሚሞላው ቦቢናው ነው። ውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። ፑንቲና የምንለው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ሲገጥም በመጀመሪያው ጥቅል ኤሌክትሪክ ያልፍና መግነጢሳዊ ኃይል ይጠራቀማል። ፑንቲናው ሲከፈት ኤሌክትሪኩ በድንገት ይቋረጣል፤ የተጠራቀመው ኃይል በሁለተኛው ጥቅል ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሆኖ ይወጣል። ዲስትሪቢዩተሩም በ1-4-3-2 ቅደም ተከተል ለአራቱ ካንዴላዎች ያድላል። ይህን አሠራር ለመኪና ካበቁት ሰዎች ዋነኛው አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ነው፤ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል።

እስቲ እናስላው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ዲስትሪቢዩተሩ በግማሽ ፍጥነት፣ 1,500 ጊዜ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር አራት ብልጭታ ስላለ በሰከንድ 100 ብልጭታ ይሆናል። ለአንዱ ብልጭታ ያለው ጊዜ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቦቢናው የሚሞላበት ከ6 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ነው። ይህን ሁሉ የሚያከናውነው ሁለት ብረት ነክቶ በመላቀቅ ነው።

አርዱይኖ ላይ መጫኛ ቁልፍ አገናኝታችሁ የምታውቁ ችግሩን ገምታችኋል። አንዴ ስትጫኑት ብረቱ ነጥሮ ብዙ ጊዜ የተጫነ ያስመስላል። ፑንቲናም በከፍተኛ ፍጥነት እንዲሁ ይነጥራል። በየመላቀቁ የሚፈጠረው ጥቃቅን ብልጭታ ፊቱን ይበላዋል፤ ኮንደንሰሩ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ከዘንጉ ጋር የሚታሸው የፑንቲናው እግርም እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፤ ብልጭታውም መዘግየት ይጀምራል። ቮልስ ላይ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የእኔን ስከፍተው መለኪያው ስስ ብረት ጨርሶ አልገባም። ጥፋቱ የመኪናዋ ሳይሆን ለሁለት ዓመት ያልነካኋት የእኔ ነበር።

ቅየራው

ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያው የሚተካው ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩን ብቻ ነው። አራት ማግኔት ያለው ቀለበት ከሮተሩ ስር ዘንጉ ላይ ይገባል። ሞጁሉ ፑንቲናው በነበረበት ቦታ ይታሰራል። ማግኔቱ ባለፈ ቁጥር በሞጁሉ ውስጥ ያለው ሴንሰር ያየዋል፤ ትራንዚስተሩም ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ሴንሰሩ የሚሠራበትን ክስተት ኤድዊን ሆል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። የሚነካካ ብረት ስለሌለ የሚበላም የለም።

ባትሪውን ፈታሁ፤ የነበረውን ሁሉ ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ የቦቢናውን የመጀመሪያ ጥቅል በመልቲሜትር ለካሁት፤ ከ3 ኦም ትንሽ በላይ ሆነ። ይህን ልኬት አትዝለሉት። በ3 ኦም ላይ 12 ቮልት 4 አምፔር ያሳልፋል፤ በ1.5 ኦም ግን እጥፉን፣ 8 አምፔር፤ ለዚያ ያልተሠራ ሞጁል ይቃጠላል። ቀዩን ሽቦ ከቦቢናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጋቲቭ አገናኘሁ፤ ማገላበጥም ሞጁሉን ይገድለዋል። በመጨረሻ ታይሚንጉን በመብራት አስተካከልኩ። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ፤ ድምፁ እንደዚያ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም።

በማግስቱ ምሽት ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ከፍቼ የሽቦዎቹን ቮልቴጅ ስለካ ከመሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ስመለስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። መኪናዋ አልነሳ አለች።

ጋሼ

እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ አዲስ አበባ የማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ቮልስ ሲጠግን ለኖረው አጎቴ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ኮይሉ ይሁን ሞጁሉ አላወቅኩም።»

«ኮይል ምንድነው? ቦቢናውን ነው የምትለኝ?»

ጋሼ ቋንቋው የጋራዥ አማርኛ ነው፦ ቦቢና፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፤ ከጣሊያንኛ የመጣ። የእኔ መመሪያ እንግሊዝኛ ነው። እየተነጋገርን ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ስልኬ ላይ በሠንጠረዥ ጻፍኳቸው።

«ቦቢናውን ንካው። ይፋጃል?»

«በጣም።»

«ቁልፉን ከፍተህ ረስተኸዋላ! ሞተሩ ሳይዞር ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው የለም። የድሮውን ፑንቲና ጣልከው?»

አልጣልኩትም፤ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። በስስ የአሸዋ ወረቀት ፊቱን አጸዳሁት፤ ክፍተቱን 0.4 አደረግኩ፤ ኮንደንሰሩን መለስኩ፤ ታይሚንጉን እንደገና አስተካከልኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩ ተነሳ። ጋሼ ያን ሞጁል በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ያን ምሽት የገባኝ ይህ ነው። ፑንቲና ሲደክም ቀስ በቀስ ነው፤ ክፍተቱን ትለኩታላችሁ፣ ፊቱን ታያላችሁ፣ መንገድ ዳር ታጸዱታላችሁ። ሞጁሉ ለዓመታት ሳይነካ ሊሠራ ይችላል፤ ሲሞት ግን በአንዴ ነው፤ ተከፍቶ የሚታይ ነገር፣ የሚነበብ ሎግ የለውም። ሰርቨር ላይ አዲስ ስሪት ስጭን ወደ ቀድሞው መመለሻ ሳላዘጋጅ አልነካም፤ መኪናዬ ላይ ያተረፈኝ ግን ዕቅድ ሳይሆን ዕቃ መጣል አለመውደዴ ነው።

ሁለተኛ ሞጁል ገዝቼ ገጠምኩ። አሁን በመኪናዋ ውስጥ አንድ ቆርቆሮ አለ፦ የጸዳ ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ የ0.4 መለኪያ፣ ካቻቢቴ፣ የአሸዋ ወረቀት፣ የሽቦዎቹ ፎቶና በአማርኛ የታተመ ቅደም ተከተል።

ቁልፉን እንዳልረሳም በአርዱይኖ ማስጠንቀቂያ ልሠራ ተነሳሁ። ብልጭታ ለ30 ሰከንድ ከጠፋ ይጮኻል። ኮዱን ግማሽ አድርሼ ለጋሼ ስነግረው ሳቀ። «ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ካልተነሳ የዘይት መብራቱ ይበራ የለ? እሱ ላይ ደወል አስርበት።»

ልክ ነው። የዘይት ግፊት ከሌለ የግፊቱ ማብሪያ መብራቱን ከመሬት ጋር ያገናኘዋል። ትንሽ ባለ12 ቮልት ደወል በሁለት ሽቦ ከመብራቱ ጎን አገናኘሁ። ኮድ የለውም። እየነዳሁ የዘይት ግፊት ቢወርድም ይጮኻል፤ ያን የእኔ ኮድ አያውቀውም ነበር።

ቁልፉን በከፈትኩ ቁጥር ሞተሩ እስኪነሳ ይጮኻል። ልጄ «ጋሼ እየጮኸ ነው» ትላለች።