ከሐበሻ ስም ጋር የተሳሰሩ ሁለት አዳዲስ የሃይማኖት እንቅስቃሴዎች

መምህራንና ኢማሞች አዲስ የሃይማኖት እንቅስቃሴ ሲገጥማቸው በቅድሚያ የሚጠይቁት «ዐቂዳው ምንድን ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ «ተከታዮቹን ምን ሳባቸው?» የሚለው ካልታከለበት ለዳዕዋ የሚሆን መልስ አይገኝም።

ለአገራችን ቅርብ የሆነው ምሳሌ ራስታፋሪ ነው። ከአዲስ አበባ በጎተራ አድርጎ በደብረ ዘይት መንገድ የወጣ መንገደኛ፣ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፎ ሻሸመኔ ሲደርስ የእምነቱን ተከታዮች ሰፈር ያገኛል። እንቅስቃሴው የተወለደው ግን በጃማይካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ራስ ተፈሪ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ተብለው ሲነግሡ፣ በባርነት ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ዘሮች የሆኑ ድኾች ዜናውን የትንቢት ፍጻሜ አድርገው ተቀበሉት፤ ንጉሡንም አምላክ አሉ። ንጉሡ በ1966 ጃማይካን ጎበኙ። በ1970ዎቹ ደግሞ የሬጌ ሙዚቃ እምነቱን በዓለም አሰራጨው።

በዚያው በ1930 በአሜሪካ፣ ዲትሮይት ከተማ «ኔሽን ኦፍ ኢስላም» ተመሠረተ። ስሙ ኢስላም ቢሆንም መሥራቹን ፋርድ ሙሐመድን በሰው አካል የተገለጠ አምላክ፣ ኤላይጃ ሙሐመድን ደግሞ መልእክተኛ ማለቱ ተውሒድንም ሆነ የነቢይነትን መደምደም የሚቃረን ነው። ተከታዮቹም በረመዷን ፈንታ በዲሴምበር ይጾሙ ነበር። ሁለቱን እንቅስቃሴዎች ያስነሣው ምክንያት ግን አንድ ነው፤ ሰውን በቀለሙ የሚያዋርድ ሥርዓት።

ኤላይጃ ሙሐመድ በ1975 ሲሞቱ ልጃቸው ዋሪስ ዲን ሙሐመድ አመራሩን ተረከቡ። የፋርድን አምላክነት ውድቅ አደረጉ፤ ነጮችን በአባልነት ተቀበሉ፤ ሶላቱንና ጾሙን በሱንና መሠረት አስተካከሉ። ክብር የተጠማውን ሕዝብ ግን ባዶ እጁን አልተዉትም። የሐበሻውን ቢላል ኢብን ረባሕን (ረ.ዐ.) አርአያ አድርገው አቀረቡለት። ተከታዮቻቸው ራሳቸውን በቢላል ስም ጠሩ፤ የጋዜጣቸው ስምም በእርሱ ተሰየመ። ሁሉም አልተከተሏቸውም፤ ሉዊስ ፋራካን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቀድሞውን ድርጅት መልሰው አቋቋሙ። አብዛኛው ሕዝብ ግን ወደ ሱንና መንገድ ገባ።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙዓዝን (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲልኩ ከተውሒድ እንዲጀምር፣ ከዚያ ሶላትን፣ ቀጥሎም ዘካን እንዲያስተምር አዝዘዋል። ትምህርት ቅደም ተከተል አለው። ስሕተትን ስሕተት ማለት አማና ነው፤ በሚንበር ላይ ማውገዝ ብቻውን ግን ክብርና ወገን ፍለጋ የሄደውን ወጣት አይመልሰውም። ስለዚህ መምህሩ ከመናገሩ በፊት ወጣቱ ምን እንደጎደለው፣ ለዚያም ከኢስላም ትምህርት የትኛው እንደሚመልስለት፣ ከየትስ መጀመር እንዳለበት አስቀድሞ ያጥና።