አፓላቺያን ማን ይተርካት?

ጄ. ዲ. ቫንስ በ2016 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) “ሂልቢሊ ኤለጂ” የተባለውን የቤተሰቡን ታሪክ ሲያሳትም መጽሐፉ በአሜሪካ እንደ ጉድ ተሸጠ። በምሥራቅ አሜሪካ በሚገኙት የአፓላቺያ ተራሮች ተወልደው ያደጉ ብዙ ጸሐፊዎች ግን ተቆጡ። ድህነታችንን የጠባያችን ውጤት አስመሰለው አሉ፤ በ2019ም መልሳቸውን በአንድ መድበል አሰባስበው አወጡ። ክርክሩ በቫንስ አልተጀመረም። የሥር መሠረቱ የሚገኘው ተራሮቹ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ምዕራባዊ ድንበር በነበሩበት ዘመን ነው።

በ1784 ጆን ፊልሰን ስለ ኬንታኪ በጻፈው መጽሐፍ የአዳኙን የዳንኤል ቡንን ታሪክ አካተተ። ቡን በ1775 ካምበርላንድ ጋፕ በተባለው የተራራ መተላለፊያ በኩል መንገድ አስጠርጎ ሰፋሪዎችን ያሻገረ ሰው ነው። ከፊልሰን መጽሐፍ ወዲህ ጀግናው ሰው ያልረገጠውን ጫካ እንዳቀና ተደርጎ ተተረከ። ጫካው ግን ባለቤት አልባ አልነበረም፤ ቼሮኪዎችና ሾኒዎች የተባሉት ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ የሚያድኑበት ምድር ነበር። የቼሮኪው የጦር መሪ ድራጊንግ ካኑ በ1775 የተደረገውን የመሬት ሽያጭ አጥብቆ ተቃውሟል። ከስድስት አሥርት ዓመታት በኋላ አብዛኛው ቼሮኪ በወታደር ኃይል ከአገሩ ተነቀለ፤ በመንገድም ሺዎች አለቁ።

ቀጥሎ የመጣው ትረካ ስለ ሰፋሪዎቹ የልጅ ልጆች ነበር። ሜሪ መርፍሪ በወንድ የብዕር ስም በ1884 ያሳተመቻቸው የቴኔሲ ተራሮች ታሪኮች የከተማውን አንባቢ ማረኩ። በ1899 ደግሞ የቤርያ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዊልያም ፍሮስት ተራረኞቹን ዘመን ጥሏቸው የሄደ ሕያው ቅድመ አያቶች አድርጎ ገለጻቸው። የፍሮስት ፍላጎት መርዳት ነበር። ቢሆንም እኔ ሁለቱን ትረካዎች ለይቼ ማየት አልችልም፤ መጀመሪያ ምድሪቱ ባዶ ናት ተባለ፣ ኋላም ሰዎቿ ኋላቀር ናቸው ተባለ፤ ሁለቴም ሀብቱ ለሌላ ሆነ።

በዚያው ሰሞን የድንጋይ ከሰል ወኪሎች በየሸለቆው እየዞሩ ውል ያስፈርሙ ነበር። ገበሬው ከመሬቱ በታች ያለውን ማዕድን በጥቂት ዶላር ይሸጣል፤ ማሳውና ግብሩ ለእሱ ይቀሩለታል። ኩባንያው ግን እንጨቱን የመቁረጥ፣ ውኃውን የመጥለፍና መንገድ የማውጣት መብት ያገኛል። ቡልዶዘር በመጣ ጊዜ ያ አሮጌ ፊርማ ከልጅ ልጆቹ ማሳ ላይ አፈሩን አስገፈፈ። ኦሊ ኮምስ የተባሉ የኬንታኪ ባልቴት በ1965 ቡልዶዘሩ ፊት ተቀመጡ፤ ፖሊሶች እጅና እግራቸውን ይዘው ተሸክመው ወሰዷቸው፤ የምስጋና ቀንን ምሳም እስር ቤት በሉ። ኬንታኪ ይህን ዓይነቱን ውል በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የገደበችው በ1988 ነው።

አገሬው ራሱ የጻፈው ሲነበብ ሥዕሉ ይለወጣል። የሃሪየት አርኖው “ዘ ዶልሜከር” (1954) ከኬንታኪ ወደ ዲትሮይት የተሰደደችን እናት ይከተላል። በ1991 ፍራንክ ኤክስ ዎከርና ጓደኞቹ የመሠረቱት የአፍሪላቺያን (አፍሪካዊ-አፓላቺያን) ገጣሚያን ቡድን ተራራው የነጮች ብቻ ነው የሚለውን እምነት ሞገተ። ባርባራ ኪንግሶልቨር በ2023 ፑሊትዘር ያገኘችበት “ዲመን ኮፐርሄድ” ደግሞ በሊ ካውንቲ፣ ቨርጂኒያ፣ የማስታገሻ ክኒን ሱስ ወላጅ ያሳጣውን ትውልድ ይተርካል። ለዚህ ጥፋት ተጠያቂው የተራረኛው ባሕል ነው ለሚሉ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ አለ፤ ከመድኃኒት አምራቹ ከፐርዱ ፋርማ ጋር የተሳሰረ ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የተባለው ማስታገሻ ሱስ የማስያዝ አደጋው አነስተኛ ነው ብሎ አሳስቶ መሸጡን በ2007፣ በዚያው በተራራማው የቨርጂኒያ ክፍል በሚገኘው የአቢንግደን ፌዴራል ፍርድ ቤት አምኗል።