ጸጉር ቤት የምትሠራው ልጃችን ድካም

ይህ ጽሑፍ ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው በጸጉር ቤት ለምትሠራ የሮቫ ቴት ነዋሪዎች ነው።

ማታ ስትገባ ብዙ አትናገርም። «ምነው ዝም አልሽ?» ስትሏት «ደክሞኛል» ትላለች። እግሯ ነው ትላላችሁ። እርግጥ እግሯም ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ግን ሌላም ድካም አለባት።

አገር ቤት ሹሩባ የሚሠራው በጎረቤት ወይም በእኅት እጅ ነበር። ቅቤ እየተቀባ፣ ቡና እየተፈላ፣ የልብ ይወራል። ዛሬ የሰማችው ነገ ተናጋሪ ትሆናለች፤ ዕዳው ይመላለሳል። እዚህ ጸጉር ቤት ግን ወሬው በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሄደው። ደንበኛዋ ስለ ባሏ፣ ስለ ምራቷ፣ ጻቫ ስላለው ልጇ ትናገራለች። ልጅቷ ደግሞ የራሷ ሕፃን ሲያተኩሰው አድሮ እንኳ «አይዞሽ» ማለት፣ ፈገግ ማለት አለባት። አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ትቀመጣለች። ዓርብ ከሰንበት በፊት፣ ወይም የሲግድና የሠርግ ሰሞን ሲሆንማ ትንፋሽ የለም።

አርሊ ሆክሺልድ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንን «የስሜት ሥራ» ብላዋለች። እሷ ያጠናችው የአውሮፕላን አስተናጋጆችን ነበር። ፈገግታቸው የሥራው ክፍል ነው፤ የውስጣቸውን እየደበቁ መዋል ያደክማል ትላለች። የጸጉር ሠሪዋም ነገር ያው ነው።

ከዚህ ጋር ታማኝነት ይመጣል። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ናት። ሥራውን ያስተማረቻት እሷ ናት፣ «ልጄ» ነው የምትላት። ባለቤቷም የራሷ ኪራይና ግብር አለባት፣ ክፉ ናት ማለታችን አይደለም። ነገር ግን «እኛ ቤተሰብ ነን» በሚባልበት ቤት ትሉሽ (የደሞዝ ወረቀት) መጠየቅ ነውር ይመስላል። እኛም ወላጆች «እንጀራ የሰጠችሽን ሴት አታስቀይሚ» እንላለን። ምክሩ ከደግነት ነው፤ ጉዳቱ ግን ለልጅቷ ነው።

ምክንያቱም ጸጉር ቤቱ አንድ ቀን ሲዘጋ ፍቅሩ በቢቱዋህ ሌኡሚ አይቆጠርም። ሥራ ላጣ ሰው የሚሰጠውን አቭታላ ለማግኘት በመደበኛው ደንብ ካለፉት 18 ወራት ውስጥ 12ቱን የተመዘገበ ሥራ ያስፈልጋል። በ1963 የወጣው ሕግ አንድ ዓመት የሠራች ሠራተኛ ብትባረር ለየዓመቱ የአንድ ወር ደሞዝ ፒጹይም እንድታገኝ ያዛል። ከ2008 ጀምሮ ፔንሲያ ግዴታ ነው፤ ቀድሞ ፔንሲያ ያልነበራት ከ6 ወር ሥራ በኋላ ይጀመርላታል። ከደሞዟ 6 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪዋ 6.5 በመቶ ለፔንሲያ፣ ሌላ 6 በመቶ ደግሞ ለፒጹይም ትጨምራለች። በእጅ ብቻ የሚከፈላት ልጅ ይህን ሁሉ ሳታውቀው ታጣለች።

«ዓጽማኢት ሁኚ» የምትባልም አለች። ሰዓቷን፣ ዋጋውንና ደንበኛዋን የምትወስነው ባለቤቷ ከሆነች ግን፣ ፍርድ ቤት ስሙን ሳይሆን አሠራሩን አይቶ ተቀጣሪ ናት ሊል ይችላል።

ታዲያ ምን ታድርግ? ትሉሽ እስከ ተከታዩ ወር 9ኛ ቀን ድረስ መሰጠት አለበት። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ በአክብሮት ትጠይቅ። መጠየቅ እኮ መክሰስ አይደለም። ባለቤቷ «እሺ፣ ነገ» እያለች ካቆየቻት ጥያቄውን በዋትሳፕ ብትጽፍላት ማስረጃ ይሆናታል። የሠራችባቸውን ቀናትና ሰዓታት በደብተር ትያዝ። ሥራውን ከለቀቀች በኋላም ቢሆን ያልተከፈለ ደሞዝ እስከ 7 ዓመት ድረስ መጠየቅ ይቻላል፤ ለዕረፍት ቀን ክፍያ ግን 3 ዓመት ብቻ ነው።

እናንተ ደግሞ ማታ ስትገባ ስለ ደሞዙ ከመጠየቃችሁ በፊት ሻይ አቅርቡላትና ትንሽ ዝም በሉ። ቀኑን ሙሉ ስትሰማ ነው የዋለችው። ዝምታዋ ከሰነበተ፣ እንቅልፍ ካጣች ወይም ምግብ ካስጠላት የሰፈራችሁን ማኅበራዊ ሠራተኛ አነጋግሩ፣ ወይም በ118 ደውሉ።