በጠባብ በር የሚገባ ፈውስ

የትልቁ አንጀት መጨረሻ፣ ከፊንጢጣ በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሆነው ክፍል፣ በአደባባይ ስሙ የማይጠራ ስለ ሆነ፣ እርሱን ለመፈወስ የተገኘው ጥበብም የሚገባውን ምስጋና ሳያገኝ ኖሯል። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ጌርሃርድ ቡስ በፈረንጆች ዘመን በ1983 በሕሙማን ላይ ሥራ ያስጀመረው ቱቦ ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሆድ ሳይቀደድ በተፈጥሮ በር ይገባል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር አንጀቱን እንደ ድንኳን ይወጥርለታል፤ ለሁለት ዓይን የተሠራው መነጽርም ጥልቀቱን ሳይቀር ስለሚያሳይ፣ ሐኪሙ በዚያ የበቀለውን ዕባጭ በቀጫጭን መሣሪያ ከነሥሩ አውጥቶ ቁስሉን እዚያው ይሰፋዋል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥበብ ለሚቀድም እንጂ ለሚዘገይ አይሆንም፤ ዕባጩ ካንሰር ሆኖ የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ወደ ንፍፊቶች ከተሻገረ፣ ሕመምተኛው ለትልቁ ቀዶ ሕክምና፣ ብዙ ጊዜም ለጨረር ይዳረጋል፤ ጨረሩ ደግሞ በአገራችን ለረጅም ዘመን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይገኝ ነበር።

የሚያዘገየንም አንድ ቃል ነው፤ ኪንታሮት! ባለፈው ጥር መባቻ ሞላሌ ላይ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ ዝተት የተከናነቡ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ኪንታሮቴ ተነሥቶብኝ እንጂ ደኅና ነኝ» አሉኝ። ደም ማየት የጀመሩት መቼ እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «ከፍልሰታ ወዲህ» አሉ። ኪንታሮትም ካንሰርም ያደማሉ፤ በደሙ ቅላት ብቻ የሚለያቸው ሐኪም የለም። የሚያስቈጣኝ ግን አዛውንቱ አይደሉም፤ ኪንታሮት ነው ብሎ ቅባት የሰጣቸው የጤና ባለሙያ ነው። ጓንት ያጠለቀች አንዲት ጣት ከአንጀቱ ታችኛው ክፍል ደርሳ እዚያ ያለውን ዕባጭ ትነግረዋለች፤ ዋጋዋም የጓንቱ ዋጋ ነው፤ እርሱ ግን አፍሮ ይሁን ታክቶ ሳይነካቸው ሸኛቸው። ያ ሁሉ መነጽርና ቱቦ ከዚህች ጣት በኋላ የሚመጣ ነው፤ እርስዋን የዘለለ ሐኪም የቡስን መሣሪያ ቢሰጡት ምን ያደርግበታል?

አዛውንቱን ደብረ ብርሃን ወርደው እንዲታዩ እስከ እኩለ ሌሊት ለመንኋቸው። በመጨረሻ እሺ አሉኝ፤ «ብቻ ጥምቀት ይለፍ፣ ታቦቱ በሰላም ይግባ፤ ከዚያ በኋላ እሄዳለሁ።»