ቲም ሃዋርድ፡ «አርፈህ ተቀመጥ» የማይባለው በረኛ

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ቲም ሃዋርድን አይረሳውም። እ.ኤ.አ በኦገስት 2003 በኮሚዩኒቲ ሺልድ ካርዲፍ ላይ አርሰናልና ዩናይትድ 1ለ1 ተለያይተው ወደ መለያ ምት ሲያመሩ ሁለት ፔናሊቲ አድኖ ዋንጫውን ለቀያይ ሰይጣኖቹ ያስገኘው አሜሪካዊ በረኛ ነው። ከኒው ዮርኩ ሜትሮስታርስ ሲመጣ ግን አንዳንድ የእንግሊዝ ታብሎይዶች የጻፉት ስለ ችሎታው ሳይሆን ስለ ሕመሙ ነበር። ያውም በሚያላግጥ ርዕስ።

ሃዋርድ ቱሬት ሲንድረም የተባለ የነርቭ ችግር አለበት። ችግሩ ያለበት ሰው ሳይፈልግ ዓይኑን ያርገበግባል፣ አንገቱን ይሰብቃል፣ ጉሮሮውን ደጋግሞ ይጠርጋል። ቱሬት ሲባል ብዙዎች ስድብ የሚያመልጠው ሰው ይመስላቸዋል፤ እንዲህ የሚሆኑት ግን ጥቂቶቹ ናቸው።

ምልክቱ የሚጀምረው በልጅነት በመሆኑ የመጀመሪያው ከባድ ግጥሚያ የሚካሄደው ክፍል ውስጥ ነው። ልጁ ለመምህሩ ረባሽ፣ ለጓደኞቹ መሳቂያ ይሆናል። «አርፈህ ተቀመጥ!» ሲባል ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ ደግሞ ይብስበታል። አፍኖ ለመያዝ ሲታገል ትምህርቱ ያመልጠዋል።

ሃዋርድም በኒው ጀርሲ ያደገው እንዲሁ ነው። ወላጆቹ የተፋቱት ገና ሕፃን ሳለ ሲሆን ቱሬት እንዳለበት የታወቀው 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። በ12 ዓመቱ አሰልጣኝ ቲም ሙልኩዊን ችሎታውን አየ። እናቱ ለልምምዱ የሚከፈለው 25 ዶላር እንደሚከብዳት ሲረዳም «በነፃ ይምጣ» አለ። ልጁ በሕመሙ ሳይሆን በእጁ የሚታወቅበት ቦታ አገኘ ማለት ነው።

ሜዳ ላይስ? ራሱ እንደተናገረው ኳስ ወደ ግቡ ስትቀርብ ጡንቻዎቹ ይታዘዙታል። በ2004 በቻምፒየንስ ሊግ የፖርቶው ኮስቲንሃ በመጨረሻው ደቂቃ ያገባበት ጎል የኦልድትራፎርድ ቆይታውን ቢያበላሸውም በኤቨርተን አሥር ዓመት ቆመ። በ2014 የዓለም ዋንጫ አሜሪካ በቤልጂየም 2ለ1 ስትሸነፍ ያዳናቸው 15 ኳሶች ደግሞ ጉድ አሰኝተዋል።

ሃዋርድ ሕመሙን አልደበቀም። የኒው ጀርሲው የቱሬት ማዕከል በስሙ በከፈተው የአመራር አካዳሚ ቱሬት ያለባቸው ታዳጊዎች ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እየተሰባሰቡ ስለራሳቸው አፍ አውጥተው መናገርን ሲማሩ ቆይተዋል። አሰልጣኞቻቸውም ቱሬት ያለባቸው ወጣቶች ናቸው። ብቻውን ነኝ ብሎ ለሚያስብ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ትምህርት ቤትም ቢሆን ሚሊዮን አይጠየቅም። ሲብስበት ወጣ ብሎ እንዲመለስ መፍቀድ፣ ለፈተና ተጨማሪ ደቂቃ መስጠት፣ ልጁና ወላጆቹ ከተስማሙ ደግሞ ነገሩን ለክፍል ጓደኞቹ ማስረዳት ነው። ከሁሉም በላይ ባላጠፋው ጥፋት አለመቅጣት። የሃዋርድ ቱሬት አልዳነም፣ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። ያንን ሁሉ ኳስ ያዳነው ከነሕመሙ ነው።